ያልተቃጠለው ጃኬት

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ ለሉሊ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ጤናሽስ እንዴት ነው? የጨርቁ ብናኝ ያመጣብሽ ሳል ለቀቀሽ ወይ? እህል ይወርድልሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለን። እማዬ ጉልበቷ እያመማትም ቢሆን ቤተ ክርስቲያን መሳለም አላቆመችም። ልጄ ሃበን የላይ ጥርሶቿ ወልቀው «ሰንጋ ተራ» ማለት አቅቷታል፤ ሰፈሯን ስትጠራ የኮንዶሚኒየሙ ጎረቤት ሁሉ ይስቃል። ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብን የለም ብዬ እንዳልጽፍልሽ ግን፣ ስልክሽን ከዘጋሽ ወዲህ የቤታችን ሰላም ጎድሏል።

የአክስታችን ልጅ አምኃ ኮምቦልቻ ጭነት አድርሶ ሲመለስ አንቺ ጋ ጎራ ብሎ ያየውን ነግሮናል። ሙሉመቤትና ጦቢያ በአንድ ክፍል አብረውሽ እየኖሩ፣ በአንቺ ምክንያት ከልብስ ፋብሪካው ሥራ ወጣን ብለው ማዕድ ለይተውብሻል አሉ። አንቺም ይገባኛል ብለሽ ግድግዳ እያየሽ ብቻሽን ትበያለሽ። እንግዲህ ይህን ደብዳቤ ቁጭ ብለሽ አንብቢው፤ የሆነውን እስካሁን እኔም አላመንኩትም።

ባለፈው ሳምንት ካዛንቺስ ካለው ቢሮዬ ለምሳ ወጥቼ ወደ ኦሎምፒያ ሄድኩ። የሃበን ጃኬት አጥሯታል፤ እጅጌው ክርኗ ሊደርስ ምንም አልቀረው። አንድ ቡቲክ ውስጥ አረንጓዴ የሕፃን ጃኬት አየሁ፤ ገበሩ ቢጫ፣ ኪሱ ላይ ዳክዬ የተጠለፈበት። ሻጩ ሔኖክ የሚባል አፈ ጮማ ነው። የቱርክ ነው፣ ኦሪጅናል ነው፣ በቃ እንዲህ ዓይነት ዕቃ ሁለተኛ አይገኝም እያለ አደነቆረኝና ገዛሁት።

ሃበን እንደለበሰችው አንገቴን በላኝ ብላ ተነጫነጨች። አንገቱ ላይ የተሰፋችውን ሌብል ልቆርጥላት መቀስ አንስቼ ገለበጥኩት። «ቱርክ» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። ጫፉን በጥፍሬ ሳነሳው፣ ከሥሩ በእንግሊዝኛ «በኢትዮጵያ የተሠራ» ይላል፤ ዝቅ ብሎ ደግሞ 01/2017።

ያ ቁጥር ያንቺ ነው ሉሊ! የተሠራበትን ወርና ዓመት ሌብል ማተሚያው ማሽን ላይ አስገቢ ሲሉሽ፣ ገና ዕንቁጣጣሽ እንዳለፈ፣ እንዳገርሽ ሰው መስከረም 2017ን አስገባሽ። ገዢዎቹ ፈረንጆች ደግሞ እንደነሱ ጃንዋሪ ብለው አንብበው፣ መጋዘን የከረመ አሮጌ ዕቃ ላካችሁብን ብለው አንቀበልም አሉ። አለቃችሁ ዕቃው ተቃጥሏል፣ የእናንተ ምድብም ተበትኗል፣ ይህ ሁሉ የሉሊ ሥራ ነው ብሎ ሠራተኛው ፊት እንዳቆመሽ ራስሽ እያለቀስሽ ነግረሽኛል። ታዲያ የተቃጠለ ጃኬት ልጄ ላይ ምን ይሠራል?

በማግስቱ ምሳዬን ትቼ ሔኖክ ዘንድ ሄድኩ። ልመልስ የመጣሁ መስሎት ፊቱን አጨፈገገ፤ ነገሩን ስነግረው ግን እሱም ደነገጠ። ማለቴ፣ እኔ የማውቀው ከዱባይ መምጣቱን ነው አለኝ። አስመጪው ነጋዴ ከአውሮፓ መጋዘን የተጣለውን ዕቃ እዚያ በቦንዳ እንደታሰረ ይገዛዋል። «ቱርክ» የሚለውን የለጠፈው ራሱ ሔኖክ ነው፤ ያገር ውስጥ ከተባለ ማንም ዞር ብሎ አያየውም አለኝ።

እስቲ አስቢው! ጨርቁ ከቻይና መጥቶ፣ አንቺ ኮምቦልቻ ላይ ሰፍተሽው፣ በጅቡቲ ወጥቶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ፈረንጅ ጠልቶት፣ ዱባይ ወርዶ፣ ስሙን ቀይሮ ኦሎምፒያ ገባ። ካንቺ እዚህ እኮ የአንድ ቀን አውቶቡስ ነው! ቁጥሩስ አያስቸግርህም ወይ ብዬ ሔኖክን ብጠይቀው ሳቀ። እንዲያውም ደንበኛ ሲጠራጠር እሱን ነው የማሳየው፣ የዓምና መስከረም ነው፣ አዲስ ነው እላለሁ አለኝ። አንቺን ያስባረረሽ ቁጥር እዚህ ያሻሽጣል። ቱርክ ከመቼ ወዲህ በእኛ አቆጣጠር መቁጠር ጀመረች ብሎ የጠየቀ ሰው ግን የለም፤ እኔም ስገዛ አልጠየቅኩም።

ለእማዬ መንገር ፈርቼ ነበር። ጃኬቱን ተቀብላ ገለበጠችና ስፌቱን በጣቷ ዳሰሰችው። ከዚያ፣ ልብሱማ ይኸው ደህና ነው፣ የተቃጠለችውስ ልጄ ናት አለች። እኔም መቻል አቃተኝ፤ ተያይዘን አለቀስን።

ስህተቱ ያንቺ አይደለም አልልሽም፤ ቁጥሩን ያስገባሽው አንቺ ነሽ። ተቃጠለ የተባለው ግን ተሽጧል። ይህን ሳታውቂ አንገትሽን ደፍተሽ መኖርሽ ያንገበግበኛል። ሃበን የኔን አልሰጥም ስላለች፣ ሌላ ገዝቼ በአምኃ እጅ ልኬልሻለሁ። አደራሽን፣ ሌብሏን እንዳትቆርጪያት። የምድብሽን ልጆች በሙሉ ይዘሽ ሂጂና ጃኬቱን አለቃችሁ ፊት ዘርጊው።

እማዬ ጉንጭሽን ትስማለች። ሃበን ዳክዬዋን ስለሰፋሽላት አመሰግናለሁ ብላለች፤ ሁሉንም አንቺ የሠራሽው ነው የሚመስላት። አከራይሽን ጋሽ ገብረጻድቃንን ጤና ይስጥልኝ በይልኝ። ጦቢያን ሰላም በይልኝ። ሙሉመቤትንም ሰላም በይልኝ፤ ባትመልስልሽም በይልኝ። ከሰላምታው በፊት ግን ሁለቱ ለምሳ ሲቀርቡ ጃኬቱን መካከላቸው አስቀምጪና አንገቱን ገልብጪላቸው። ከዚያ እጅሽን ታጥበሽ ቅረቢ።

ስልክሽንም ክፈቺው።

እህትሽ ሔለን
ሰንጋ ተራ፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በእኛው አቆጣጠር