አራተኛው ሳጥን

ይድረስ ውርጌሳ ለሚኖሩት ለእናቴ፣ ለአማቴ፤
መርሳ ካለችው ከምራትዎ።

አሰላሙ አለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካትሁ።

እማማ፣ እንዴት ሰንብተዋል? አፊያ ነዎት ወይ? ጉልበትዎን እንዴት አደረገዎት? ወልድያ ሐኪም ቤት የሰጡዎትን የግፊት ኪኒን ጠዋት ጠዋት ይውጣሉ ወይስ እንደ ልማድዎ ‹‹ዛሬስ ደህና ነኝ›› እያሉ መቀነትዎ ውስጥ ቋጥረው ያስቀምጡታል? ላሚቱ ወለደች ወይ? ማሽላው እንዴት ነው፣ ወፍ አላስቸገራችሁም? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ከእናንተ ናፍቆት በቀር ምንም አልጎደለብኝም ብዬ ልጽፍ ነበር። ግን ዛሬ ውሸት ላልጽፍ ለራሴ ቃል ስለገባሁ እሱን ትቼዋለሁ።

ይህን የምታነብልዎ ልጅዎ አሲያ ስለሆነች ለእሷም ሰላምታዬ ይድረሳት። አሲያ እህቴ፣ አፍሽ ፈጣን ነው፤ ዛሬ ግን ቀስ ብለሽ አንብቢላቸው። ከመጀመርሽ በፊት ውኃ አቅርቢላቸው፣ ኪኒኑንም ይዋጡ። መሃል ላይ ማቆም ብትፈልጊ አቁሚ፤ ደብዳቤው የትም አይሄድም።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ይሉ ይሆናል። በስልክማ አሥር ጊዜ ሞክሬያለሁ። እርስዎ ‹‹ሃሎ፣ ማነሽ›› ሲሉ ድምፅዎን እሰማና ወሬዬ ሁሉ ስለ ዝናብ ይሆናል። ባለፈው ሳምንት ስለ ሽንኩርት ያን ያህል ያወራሁት ሽንኩርት አሳስቦኝ አይደለም።

ደስ የሚለውን ላስቀድም። ድጋፉን አገኘሁ።

እንደሚያውቁት ሦስት ዓመት ሙሉ በሴፍቲኔት ታቅፌ የመርሳን ዋና መንገድ ስጠርግ ኖሬያለሁ። ያቺን ሰደርያ ለብሼ ባዩኝ ቁጥር ‹‹የመንግሥት ሠራተኛ ሆነሽ ቀረሽ›› እያሉ ያሾፉብኝ ነበር። ሦስት ዓመቱ ሲያልቅ መንግሥት ከመካከላችን ለተመረጡት የሥራ መጀመሪያ ገንዘብ ይሰጣል። ብድር አይደለም፣ አይመለስም። ይህን ሲነግሩን ማንም አላመነም። ጎረቤቴ አልማዝ እጇን አውጥታ የማይመለስ ከሆነ ለምን ታስፈርሙናላችሁ ብላ ጠየቀችና የሳቅነው ሳቅ አሠልጣኙንም ጭምር አሳቀው።

አምስት ቀን አሠለጠኑን። እያንዳንዳችን የምንሠራውን ሥራ በወረቀት አስጻፉን። አልማዝ ዶሮ አለች። እኔ ፍራፍሬ አልኩ። እማማ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ የጠረግኩት የማንጎ ልጣጭና የብርቱካን ቅርፊት ነው። የትኛው አውቶቡስ የት እንደሚቆም፣ የትኛው ተሳፋሪ ከመስኮት እጁን እንደሚያወጣ፣ የትኛው ደግሞ ዋጋ ብቻ ጠይቆ እንደሚዘጋ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። አሠልጣኙ የገበያ ጥናት አድርገሻል ወይ ቢለኝ በመጥረጊያዬ አድርጌያለሁ አልኩት። እሱም እንዳለ ጻፈው።

ነገሩ የተበላሸው ስም ዝርዝሩ ሲነበብ ነው። ደንቡ እንዲህ ነው፦ የተመረጡት ሰዎች ስም ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ በነዋሪው ፊት ይነበባል፤ ‹‹ይህች ሰው አይገባትም›› የሚል ካለ ተነሥቶ ይናገራል። የእኔ ስም ሲነበብ እንደ ሙሽራ አንገቴን ደፍቼ ተቀምጬ ነበር። ጋሪ ነጂው ካሳሁን ተነሣ። ባሏ ሳዑዲ ነው አለ። የባሏ እናት ራሳቸው ከውርጌሳ ሚኒባስ ውስጥ አብረን ስንመጣ ነግረውኛል፤ ልጃቸው ለመጪው ዓረፋ ቆርቆሮ ቤት ሊያሠራላቸው ነው፤ ዓረብ አገር ባል ያላት ከተደገፈች የእኔ እህት ምን ልትሆን ነው አለ። ካሳሁን ክፉ ሰው አይደለም። እህቱ ቃልኪዳን አራት ልጅ ይዛ ከመጨረሻው ስም ቀጥላ ነበር የቀረችው።

ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞሮ ባለቤትሽ የት ነው አለኝ። አዳራሹ ሙሉ ሰው ያየኛል። ደግሞ ጠየቀኝ። እኔ ዝም። ዝም ስል ያመንኩ መሰላቸውና ስሜን በቀይ እስክሪብቶ ሰረዙት።

እውነቱን ልንገርዎ፤ ያን ቀን ተናደድኩብዎ። ከአዳራሹ እስከ ቤቴ ከእርስዎ ጋር እየተጣላሁ ነው የሄድኩት። ምን አለ ያን ወሬ ለማያውቁት ሰው ባይነግሩት! ልጅዎ ከሄደ አራት ዓመቱ ነው፤ እንኳን ቆርቆሮ ምስማር አልላከም። ይህን እርስዎም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ፣ ካሳሁን ብቻ ነው ያላወቀው። ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ግን ንዴቴ ወደ ራሴ ዞረ። ሰብሳቢው የጠየቀው እኔን ነው። መልሱን የማውቀውም እኔ ነበርኩ።

ለቅሬታ ሦስት ቀን ይሰጣል። ሄጄ አዲስ ቅጽ ወሰድኩ። ቅጹ ላይ ‹‹የጋብቻ ሁኔታ›› የሚል መስመር አለ፤ ከሥሩ አራት ትንንሽ ሳጥኖች። ያላገባች፣ ያገባች፣ የፈታች ይላሉ። አራተኛውን አሲያ ታውቀዋለች፤ የባሏን መሬት በስሟ ስታዞር እሷም ሞልታዋለች። እኔ በየዓመቱ ሳላመነታ የማጠቁረው ሁለተኛውን ነበር።

አልማዝ ለእኔ አስባ ‹‹የፈታች›› በይው አለችኝ። ሁለት ምስክር አመጣልሻለሁ፣ ማንም አይጠይቅሽም፣ አማትሽም አይሰሙም አለችኝ። አንድ ቀን ሙሉ አሰብኩበት። ቀላል ነበር። እርስዎ የያዙትን ይዘው ይቀመጣሉ፣ እኔም ሥራዬን እጀምራለሁ። እስክሪብቶዬን ሦስተኛው ሳጥን ላይ አሳርፌው ነበር። ግን እማማ፣ ልጅዎ አልፈታኝም። ሲሄድ በራችን ላይ ቆሞ ሁለት ዓመት ብቻ ታገሽኝ ነው ያለኝ፤ ከዚያ ሌላ ቃል ከአፉ አልወጣም። እሱ ያላለውን ለገንዘብ ብዬ በእሱ ላይ መጻፍ አቃተኝ። እጄን አነሣሁና አራተኛውን አጠቆርኩ።

ምስክር አምጪ ተባልኩ። አብዱልሐሊምን ያስታውሱታል፤ ከልጅዎ ጋር በአንድ ቀን የወጣው፣ አምና በረጀብ ወር የተመለሰው። አስጠራሁት፣ መጣ። ኮሚቴው ፊት ቁርኣን ይዞ ማለና ያየውን ተናገረ። የተናገረውን እዚህ አልጽፈውም። ልስማው ካሉ እሱ ራሱ ደጅዎ ድረስ መጥቶ ይነግርዎታል። አምናም በተመለሰ ሰሞን ሊመጣ ተነሥቶ ነበር። እርስዎ ያን ጊዜ ወልድያ ሐኪም ቤት ተኝተዋል፤ እስኪሻላቸው ብዬ እኔ ነኝ የከለከልኩት። ሲሻልዎ ደግሞ ትንሽ ያገግሙ አልኩ። ካገገሙ በኋላ ጾሙ ይውጣ አልኩ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ይኸው ዓመት አለፈኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ቢቆጡኝ ይገባኛል።

ኮሚቴውን የለመንኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ምክንያቱን በሰው ፊት እንዳያነቡት። የአገር ሰው ከሰማው ከእኔ በፊት ወሬው እርስዎ ዘንድ ይደርሳል። ሰብሳቢው እሺ አለ። ስሜ ተመልሶ ሲለጠፍ ምክንያት የሚለው ቦታ ባዶውን ነበር።

ካሳሁን ግን ከሳሽ ስለነበር እዚያው ተቀምጦ ሰምቷል። በማግስቱ ሚስቱን አስከትሎ ቤቴ መጣ። ሚስቱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ነበር የለበሰችው። ሁለቱም ገብተው ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ። እኔም ተቀመጥኩ። ምን ያህል እንደቆየን እንጃ፤ ያወራነው ነገር ትዝ አይለኝም። ሊሄዱ ሲነሡ ካሳሁን እንዲህ ባለ ጊዜ የሚባለውን አለኝ። ዓመት ሙሉ ማንም ያላለኝን ቃል ነው። እነሱ ሲወጡ በሩን ዘግቼ እስኪወጣልኝ አለቀስኩ። የመጀመሪያዬ ነበር፤ መንገድ ላይ መጥረጊያ ይዞ አይለቀስም።

አሁን ሥራዬን ጀምሬያለሁ። ከመናኸሪያው ትንሽ ዝቅ ብሎ ሸራ ወጥሬያለሁ፣ ጠረጴዛ አለኝ፣ የጁስ መፍጫም ገዝቻለሁ። መብራት ሲኖር ይፈጫል፣ ሲጠፋ ያርፋል፤ ከሁላችንም የተሻለ እረፍት ያለው እሱ ነው። ማንጎው ከጊራና ይመጣል። የሚያመጣልኝ ካሳሁን በጋሪው ነው። ብቻዬን አልቻልኩትምና እህቱን ቃልኪዳንን አብራኝ እንድትሠራ ጠየቅኳት። የእኔ ስም ሲመለስ የእሷ ተስፋ መቅረቱን አውቃለሁ። እሷ መጀመሪያ ቀን ቀና ብላ አላየችኝም፤ አሁን ግን አውቶቡስ ሲመጣ ከእኔ ቀድማ ትሮጣለች። ለተሳፋሪ የምታሳየውን ፈገግታ ለእኔ ብታሳየኝ ደመወዝ እጨምርላት ነበር።

ከሸራው ሥር፣ ጥላው ውስጥ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር አስቀምጫለሁ። የእርስዎ ነው። ከዚያ ሆነው የሚወጣውን የሚወርደውን ማየት ነው፤ መቼም መንገደኛ ማናገር ይወዳሉ።

እማማ፣ አሁን የቀረኝ አንድ ነገር ነው። የመሪማ ሰርግ ትዝ ይልዎታል? አምና፣ ከሐኪም ቤት በወጡ በወሩ፣ ሻእባን ላይ። ሴቱ ሁሉ ሂና ሲቀባ እኔ ባዶ እጄን ተቀምጬ ነበር። እርስዎ ከማዶ አይተውኝ አጠገቤ መጡና ምነው አሉኝ። ሲሚንቶና መጥረጊያ እጄን ሰነጣጥቆት ያቃጥለኛል አልኩዎት። እጆቼን ይዘው ጣቶቼን አንድ በአንድ አገላብጠው አዩ። ስንጥቅ አልነበረባቸውም። እርስዎ ግን ሻርፕዎን ከትከሻዎ አውርደው እጆቼ ላይ ጣል አደረጉት፤ ሰርጉ እስኪያበቃም አላነሡትም። ያን ጊዜ አምነውኛል፣ በእጄ እንዳላፍር ብለው ነው አልኩ።

አሲያ ባሏ ያረፈ ጊዜ ያለ ሂና የተቀመጠችበትን አራት ወር ከአሥር ቀን ገመድ ላይ ቋጠሮ እያስቋጠሩ ያስቆጠሯት እርስዎ ነዎት። እኔም የቆጠርኩት እንደዚያው ነው። አብዱልሐሊም ቀኑን ከነገረኝ ጀምሮ፣ ጠዋት ጠዋት መጥረጊያዬን ሳነሣ አንድ ቋጠሮ። ገመዱ እጀታው ላይ ታስሮ ነበር። እዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል አንድም ሰው ምንድን ነው ብሎ አልጠየቀኝም።

ይህን ስጽፍ ነው ሌላው ነገር የታየኝ። ከዚያ ሰርግ በፊት ‹‹ሲመጣ›› ሳይሉ ውለው አያውቁም ነበር። ሲመጣ ይህን በግ እናርዳለን፣ ሲመጣ ጣሪያው ይቀየራል። ከሰርጉ ወዲህ ግን ለእኔ አንድም ቀን ብለውኝ አያውቁም። ሚኒባስ ውስጥ ለማያውቁት ሰው ቆርቆሮ ያስመታሉ፤ እኔ ዘንድ ሲመጡ ስለ ማሽላ ያወራሉ። እኔም ስለ ሽንኩርት። እና ልጠይቅዎ፣ እማማ፦ እኔ ነኝ ከእርስዎ የደበቅኩት ወይስ እርስዎ ነዎት ከእኔ?

መልሱን በስልክ አይንገሩኝ። አሲያን ይዘው ይምጡ፤ ከሚኒባሱ ሲወርዱ ሸራዬ ፊት ለፊት ይታይዎታል። ሂናውን አዘጋጅቻለሁ። የገመዱ ቋጠሮ ካለቀ ቆይቷል፣ እጄ ግን እስካሁን ባዶ ነው። ከእርስዎ ሌላ ሰው እንዲቀባኝ አልፈለግኩም።

አላህ ጉልበትዎን ያጽናልዎ። ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፤ ጥላዎን አያንሣብኝ። ከሰላት በኋላ ሁልጊዜ በሰላም መልስልን እያልን የምናደርገውን ዱዓ እኔ ትቼዋለሁ። ሌላኛውን ደግሞ ብቻዬን ማድረግ ከበደኝ። ሲመጡ አብረን እናደርግለታለን።

ልጅዎ