ዘመድ ነኝ ባዩ ደግሰው

ጥቅምት 4
ሆቴሉ ዛሬም ባዶ። እንግዳ መቀበያው ላይ ቁጭ ብዬ ልብ ወለዴን ስጽፍ ዋልኩ። ስለ ደግሰው ነው፣ ስለ ሙጃው አጭበርባሪ። የማያውቀው ሰው ሲሞት "የሥጋ ዘመዱ ነኝ" ብሎ ደረቱን እየደቃ ይገባል። ለቀስተኛን ማን ነህ ማለት ነውር... ስለዚህ ሰልስቱ እስኪወጣ ይበላል፣ ይተኛል፣ ከዚያ የሟችን ጋቢ ደርቦ ውልቅ። ሰዎቹስ ጭንቅላታቸውን የት ጥለውት ነው?

ጥቅምት 9
ረሒማ ከሙጃ በርበሬ ልትሸጥልን መጣች። ጎረቤቷ ስትሞት ደግሰው "ወንድሜን! ወንድሜን!" እያለ ገባ አለችኝ። ሟቿ ሴት...
"ታዲያ ምን አላችሁት?"
"ወላሂ ምንም። 'ከወንድም በላይ ነበረች' አለና ባሰበት። እኛም እውነቱን ነው ብለን አለቀስን።"
ማታ ጽፌ ለእማ አነበብኩላት። አልሳቀችም። "ለመሆኑ ደህና አርጎ ያለቅሳል?" አለችኝ። ቀልድ ለማን ይነገራል...

ጥቅምት 21
አባባ ዛሬም ከአልጋ አልተነሱም። እማን የሚያንገበግባት ግን ሌላ። አባባ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ዘመድ አልቆባቸው፣ ከወገል ጤና ብቻቸውን የመጡ ሰው ናቸው። "በአባትሽ ወገን ማን ሊቆም ነው? አገሩ ወገን የለሽ ብሎ ሊቀብረው ነው" ትላለች። ሰውዬው እየተነፈሱ ለቅሶ መደልደል ምን ይሉታል? ተናደድኩባት።

ኅዳር 2
አባባ አረፉ።

ኅዳር 3
ዛሬ ድንኳኑ ውስጥ አንድ ወፍራም ሰውዬ "አጎቴን! የአሥር በሬ ጌታውን!" እያለ ገባ። አባባ ዕድሜያቸውን በዘበኝነት የጨረሱ ሰው፣ አንድ በሬ ኖሯቸው አያውቅም። ደግሰው... ላስወጣው ስነሳ እማ ክንዴን ያዘች።
"ቁጭ በይ።"
"እማ፣ ያ ሌባ እኮ ነው።"
"አውቃለሁ። በረሒማ ያስጠራሁት እኔ ነኝ።"
ደሜ ፈላ። ከዚያ ድንኳኑን አየሁት። በእማ ወገን ሰው መቀመጫ አጥቷል። በአባባ ወገን የቆመው እሱ ብቻ፣ ላቡ እስኪንጠባጠብ እያለቀሰ። ተመልሼ ተቀመጥኩ። አባባ አሳዘኑኝ።

ኅዳር 5
ደግሰው ሄደ። ንፍሮው ጨው አንሶታል ብሎ አማርሮ፣ ፍራሹ ይቆረቁራል ብሎ... ዓይን ያወጣ። ምዕራፉን ልቀጥል ብዬ ነበር፣ አንድ መስመር አልመጣልኝም። እስከ አስፋልቱ የሸኘሁትም እኔው። ስንለያይ "ለአርባው እንዳትቀር" አልኩት።
"የገዛ አጎቴን አርባ ነው የምቀረው?" ብሎ ተቆጣኝ።
ይቅርታ ጠየቅኩት።