የአጥቂ ያለህ!

ጥቅምት 27

ካጎሺማ፣ ኪዩሹ ደሴት። ዝናብ። ጃንጥላዬን ባቡር ላይ ረስቼ በስብሼ አየሁት የሴት ተማሪዎቹን ጨዋታ።

ዜሮ ለዜሮ። እንዴት ነው ዜሮ ለዜሮ የሚሆነው? በረኛዋ ተንሸራታ ወድቃለች፣ ጎሉ ባዶ ነው፣ ኳሷ ዘጠኝ ቁጥሯ እግር ሥር ናት... አቀበለቻት። ያቺኛዋም ለሌላዋ አቀበለች። አንቺ ምቺ፣ ኧረ አንቺ፣ በሞቴ አንቺ... ኳስ ሳይሆን የሚጎራረሱ ነው የሚመስሉት። በረኛዋ ተነስታ፣ ጭቃዋን አራግፋ፣ ኳሷን ወሰደች።

ከዚያ ያው የንስሐ ክብ። እኔ ነኝ እንዲህ የምለው እንጂ እነሱ "የግምገማ ስብሰባ" ይሉታል። ክብ ሠርተው ይቀመጡና በየተራ ጥፋታቸውን ይናዘዛሉ። ዘጠኝ ቁጥሯ ተነስታ አንገቷን ደፋች። "ወደ ጎል ስለመታሁና ስለሳትኩ ይቅርታ አድርጉልኝ።" አንድ ጊዜ ነው የመታችው! አሰልጣኟም "ጥሩ፣ ጥፋትሽን አውቀሻል" አላት።

እኔ ዕድሜዬን በረኛ ነበርኩ። እንዲህ ዓይነት አጥቂ ቢመጣብኝ ወንበር አስመጥቼ እቀመጥ ነበር።

ጥቅምት 29

አለቃዬ፣ አሰልጣኙ ኩዋባራ፣ ከቶኪዮ ደወለ። ለታዳጊ ሴቶች ብሔራዊ ቡድን ተጫዋች የምመለምል መሆኔን ረስቼው እንደሆነ ጠየቀኝ። ነገረኛ።

"ማሳኤ፣ አጥቂ አምጪ ነው ያልኩሽ። ባለፈው የላክሽልኝ ምንድን ናቸው?"

"አማካይ።"

"ከዚያ በፊትስ?"

"አማካይ... ጎበዝ ናቸው ግን።"

"አማካይማ ጓሮዬም ሞልቷል። ጥር ላይ ካምፕ አለ። አጥቂ!"

እሺ አልኩት። ከየት ነው የማመጣው? ልውለድ? በሃምሳ አራት ዓመቴ?

ኅዳር 3

ዛሬም አንዲት አማካይ አገኘሁ። ምን በድዬ ነው?

ኅዳር 9

ዛሬ ገባኝ መሰለኝ።

ከአካባቢው አሰልጣኞች ጋር እራት ወጣን። የተጠበሰ ዶሮ አዘዝን፣ በላን፣ ሳህኑ ላይ አንዲት ቁራጭ ቀረች። የመጨረሻዋ። ከዚያማ ያው የኛ ነገር... ማንም አይነካትም። አንዱ ሳህኑን ወደ ሌላው ይገፋል፣ ሌላው "ኧረ ጠገብኩ" ይላል። ዓይናቸው ግን እሷው ላይ ነው። ስለ አየር ጠባይ አወራን። ስለ አውሎ ነፋስ አወራን። ዶሮዋ ቀዘቀዘች፣ ደረቀች፣ አስተናጋጇ አንስታ ሄደች። አምስት ጎልማሳ ሰው በዓይኑ ሸኛት!

እኔም አላነሳኋትም። ርቦኝ ነበር እኮ።

ታዲያ ይቺ አገር ጎል ከየት ታመጣለች? ከሕፃንነታችን ጀምሮ የመጨረሻዋን ለሌላ ተውለት ተብለን አድገን... ጎል ማለት የመጨረሻዋ ቁራጭ አይደለችም ወይ?

ከነገ ጀምሮ ጨዋታውን ትቼ ምሳቸውን ነው የማየው።

ኅዳር 16

ምሳ አየሁ። የሩዝ ድቡልቡል፣ የተጠበሰ እንቁላል፣ ቋሊማ። በየትምህርት ቤቱ አንዳንድ ቁራጭ እየቀረ ይጣላል። ከወላጆች ጎን ተቀምጬ የልጆቻቸውን አፍ ሳይ ፈሩኝ መሰለኝ። አንዷ እናት "ራበዎት?" ብላ አንድ ድቡልቡል ሰጠችኝ። አፍሬ በላሁ።

ኅዳር 21

አገኘኋት!!

ታኖ፣ ሚያዛኪ። ትንሽ ትምህርት ቤት ናት፣ ሜዳዋ ጠጠር። የመጨረሻዋ ቋሊማ ቀርታለች፣ ልጆቹ ሁሉ ሌላ ሌላውን ያያሉ። አንዲት ጸጉሯን ራሷ የቆረጠች የምትመስል ልጅ ከተጠባባቂ ወንበር ተነስታ መጣች። አነሳቻት። ዋጥ። ከዚያ ዞር ብላ፣ "ሌላ የለም?"

ልቤ ቆመ። ቋሊማ ስለበላች!

አሰልጣኟን ናካዞኖን ያዝኩት። ደህና ሰው ነው፣ ሲበዛ ደህና።

"ያቺ ማናት?"

"ኩሮኪ ሳዮ። ኧረ እሷን ተዪያት፣ ሰው ታስቸግራለች። ኳስ አታቀብልም።"

"ጎልስ ታገባለች?"

 የሚያፍርበት የቤተሰብ ጉዳይ ያለ ይመስል ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እሱንማ... ታገባለች። ግን አገባቧ ደስ አይልም።"

ኅዳር 28

ለምኜ ለምኜ ከእረፍት በኋላ አስገባልኝ። ሁለት አገባች። አንዱን ከራሷ ቡድን ጓደኛ እግር ላይ ነጥቃ ነው። ያቺ ልጅ አለቀሰች፣ ሳዮ ወደ መሐል እየሮጠች ነበር።

በንስሐ ክቡ ናካዞኖ "ሳዮ፣ ምን ትያለሽ?" አላት።

"ሁለት ለዜሮ አሸነፍን እላለሁ።"

"ይቅርታ የምትጠይቂው ነገር የለም?"

እውነት አሰበችበት ልጅቷ። "ማንን? በረኛዋን?"

ሳቄን በሳል አስመሰልኩት። መኪናዬ ጋ እስክደርስ ሳቅሁ። ስንት ዓመት እንዲህ አልሳቅሁም።

ታኅሣሥ 6

ቤቷ ሄድኩ። አባቷ ዳይኮን የሚሉትን ክንድ የሚያህል ነጭ ሥራ ሥር በእንጨት ቆጡ ላይ ለማድረቅ ይሰቅላል። መሰላል ላይ ሆኖ ነው ያናገረኝ። ገና ማን እንደሆንኩ ሳልነግረው ይቅርታ ጠየቀኝ።

"ምን አደረገች?"

"ኦኒዙካ እባላለሁ። ለብሔራዊ ቡድን ካምፕ ልወስዳት ነው።"

ከመሰላሉ ወረደ።  ከዚያ ሰው ነውና እውነቱን ነገረኝ። "ኦኒዙካ ሳን፣ ወገቤ ሄዷል። ወንድ ልጅ የለኝም። በካምፑ ከተመረጠች ትጫወት፣ ማሳውን እንደምንም እናደርጋለን። ካልተመረጠች ግን ከሚያዝያ ጀምሮ ኳስ በቃ። ትምህርት ቤት፣ ከዚያ ማሳ።" ሳዮ አጠገባችን ቆማ ትሰማለች። ፊቷ አመድ መሰለ።

እናቲቱ ሻይ ይዛ መጣች። "አደራሽን፣ እዚያ ሄደሽ ሰው እንዳታስቸግሪ" አለቻት። ጎረቤቱ መጣ፣ እሱም "ሰው እንዳታስቸግሪ"። ፖስታ አመላላሹ ሳይቀር! እኔ ደግሞ ምን አደረግኩ? ፈገግ ብዬ ሻዬን ጠጣሁ። ጨዋ ነኛ።

ጥር 14

ካምፑ ተጀመረ። ሳዮ አቀበለች።

ጥር 15

እንደገና አቀበለች። ጎሉ ፊት ለፊቷ ነው፣ ዞራ አቀበለች! "አመመሽ እንዴ?" ብዬ ጠየቅኳት።

"አላመመኝም።"

"ታዲያ?"

"ሰፈሩ ሁሉ ጣቢያ ድረስ መጥቶ ነው የሸኘኝ። ሰው እንዳላስቸግር ለሁሉም ቃል ገብቼላቸዋለሁ። እናቴ ደግሞ ትናንት ማታ ደውላ ሰው አስቸገርሽ ወይ አለችኝ።"

ወይ ጉድ። በኪዩሹ አንዲት ስግብግብ ልጅ ነበረች፣ እሷንም በጨዋነት ገደሏት።

ጥር 16

ኩዋባራ በደስታ ሊፈነዳ ነው። መተላለፊያው ላይ ክንዴን ያዘኝ።

"ማሳኤ! ምን ዓይነት አማካይ ነው ያመጣሽልኝ!"

"ምን አልክ?"

"ዓይን አላት፣ ትሕትና አላት። አጥቂ አለማምጣትሽን ይቅር ብዬሻለሁ። ስሟን ጽፌያለሁ፣ ካልተበላሸች ገብታለች።"

ግድግዳውን ተደግፌ ቀረሁ።

አሁን ምን ላድርግ? ዝም ብል ሳዮ ትመረጣለች፣ አባቷ ቃሉን ይጠብቃል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። አገሪቱም አንድ ሺህ አንደኛዋን አማካይ ታገኛለች። ብናገር... ብናገርና ብትባረርስ? ኳሷ በኔ ምክንያት ነው የሚያልቀው። እኔ ደመወዜን እየበላሁ እቀጥላለሁ፣ እሷ ዳይኮን ትሰቅላለች።

እንቅልፍ እንቢ አለኝ።

ጥር 17

ቁርስ ላይ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ነገርኳት፣ አልደበቅኳትም። በአማካይነት ሊወስዱሽ ነው አልኳት።

"ደስ ይላል" አለች። ሾርባዋን እያየች።

"ደስ ይላል?"

"...አይልም።"

"ነገ የመጨረሻው ጨዋታ ነው። እንደ ድሮሽ ከተጫወትሽ ሊያባርሩሽ ይችላሉ። አባትሽ ያለውን ሰምተሻል። እኔ ምቺም አትምቺም አልልሽም። በረኛ ሆኜ ግን የምታቀብል አጥቂ አስፈርታኝ አታውቅም። አንቺ ብትመጪብኝ ከጨዋታው በፊት ምግብ አይወርድልኝም ነበር።"

የሾርባዋን ሳህን ገፋ አደረገች። "ኦኒዙካ ሳን፣ ማቀበል እኮ በጣም ያደክማል። ሁልጊዜ ሰው እያሰቡ መሮጥ... እንዴት ነው የሚችሉት?"

 እኔም እንዴት እንደቻልኩት አላውቅም።

ጥር 18

መታች።

የመጀመሪያው ሰማይ ላይ ወጣ። ሁለተኛውን ከሜዳው ጠርዝ መታችው፣ ኩዋባራ "አቀብዪ! ነጻ ናት! አቀብዪ!" እያለ። አጥሩን ዘለለ ኳሱ። ሦስተኛው ላይ አምበሏ ኤናሚ ለመምታት እግሯን ስታነሳ ሳዮ ገፋ አድርጋት መታችው። መረብ። በረኛዋ አልተነቃነቀችም፤ አውቃታለሁ ያቺን ስሜት።

 እኔ ብቻ ነኝ ያጨበጨብኩት።

በክቡ ላይ ኩዋባራ ይቅርታ እንድትጠይቅ አዘዛት። ተነሳች፣ በሥርዓት አንገቷን ደፋች። "ሁለቱን ስለሳትኩ ይቅርታ። ልምምድ እጨምራለሁ።" ተቀመጠች።

ስሟ ተሰረዘ።

ጥር 19

ታኖ ድረስ አብሬያት ሄድኩ።  ቤቷ በር ላይ ስንደርስ ነው የተንሰቀሰቀችው። አባቷ ለኔ ይቅርታ ጠየቀ። ለኔ! ጥፋቱ የኔ ነው ብለው አልሰማኝም።

የካቲት 22

ናካዞኖ ደወለ። ሳዮ ሚያዝያን ሳትጠብቅ ማልያዋን መልሳለች። ታጥቦ፣ ተተኩሶ። ቡድኑ ያለሷ ሰላም ሆኗል አለኝ፣ ከዚያ ወዲህ ግን ጎል አላገቡም።

መጋቢት 19

ኩዋባራ ደወለ። ጮኸብኝ።

"ምንድን ነው ያመጣሽብኝ?"

"ደግሞ ምን አደረግኩ?"

"ኤናሚ! የኔ ጨዋ፣ የኔ አምበል! ከካምፑ ጀምሮ አታቀብልም። ለምን ስላት 'ያቺ ልጅ ስትነጥቀኝ ተናደድኩ፣ ከዚያ ወዲህ ማንም እንዲቀድመኝ አልፈልግም' ትለኛለች። ሌሎቹም ተበላሹ። ትናንት የወዳጅነት ጨዋታ ነበረን፣ አምስት ለአራት ተሸነፍን።"

"አራት አገባችሁ?"



"አራት" አለ። ድምፁ ተለወጠ። "ማሳኤ፣ አራት አግብተን አናውቅም። ተመልካቹ ቆሞ ነበር... ያቺ የታኖዋ ልጅ የት ናት?"

"ማሳ ውስጥ።"

"አምጪያት። ዘጠኝ ቁጥር። ግን እባክሽ፣ አልፎ አልፎ እንድታቀብል ንገሪልኝ።"

"አልነግራትም" ብዬ ስልኩን ዘጋሁበት። ሠላሳ ዓመት አብረን ስንሠራ የመጀመሪያዬ ነው። ደስ አለኝ።

መጋቢት 23

ታኖ። አባቷን ማሳው ላይ አገኘሁት። ነገርኩት። አጎንብሶ መሬቱን ቆፈር ቆፈር አደረገ፣ እኔን ላለማየት መሰለኝ። ማሳውስ ስለው "ማሳው የኔ ራስ ምታት ነው" አለኝ። ሳዮ "አጥቂ ሆኜ ነው?" አለች። አጥቂ ሆነሽ አልኳት። ሮጣ ጫማዋን ልታመጣ ገባች።

አውቶቡሱ ጋ ሰፈሩ እንደገና ተሰበሰበ። እናቲቱ ያቺኑ አደራዋን ልትል አፏን ስትከፍት አባትየው ክንዷን ያዛት። ድምፁን ከፍ አድርጎ መናገር የማይወድ ሰው፣ ሁሉም እየሰማ፣

"ሳዮ፣ በደንብ አስቸግሪያቸው" አላት።

እናቲቱ ደነገጠች። ፖስታ አመላላሹ ወደ መሬት አየ። ሳዮ አባቷን አንዴ አየችውና እሺ ብላ ተሳፈረች። ዞራም አላየችንም። እኔ ግን እዚያው ከአባቷ ጎን ቆሜ አለቀስኩ፣ ምን ላድርግ።