የመዝገቡን ሽፋን ላሳዩኝ ለመዛግብት ቤቱ ዋና ኃላፊ

ክቡር ዋና ኃላፊ ሆይ፣

ከሁሉ በፊት ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎስ? ያን የሚሽከረከር ወንበርዎን በበሩ ክፍተት እንዳየሁት ከሆነ ወገብዎ የሚታመምበት ምክንያት የለም። ቢሆንም እንደኔ ያለ ደጅ ጠኚ ሰላምታውን ካላሟላ ማመልከቻው እንደማይታይ መስኮት ሦስት ላይ ስለተማርኩ፣ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ ለጸሐፊዎና ቦርሳዬን አሥራ አራት ጊዜ ለፈተሹት የበር ዘበኛ ሁሉ ሙሉ ጤና እመኛለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ንዴት ሰው የሚገድል ቢሆን ኖሮ ግን ይህን ደብዳቤ የሚጽፍልዎ ሌላ ሰው ነበር።

ራሴን ላስተዋውቅ። ልብስ ሰፊ ነኝ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን ከሬዲዮ፣ ከአሮጌ ጋዜጣና ከደንበኞቼ አፍ ነው የለቀምኩት። ስለዚህ አጻጻፌ ቢሻክርዎ ጥፋቱ የኔ እንጂ የአስተማሪ አይደለም። ደብዳቤውን በግልጽ ያወጣሁትም እርስዎን ለማሳጣት አይደለም፤ በግል የጻፍኩልዎ አምስት ደብዳቤዎች እርስዎ ቤት ገብተው ስለጠፉ፣ ስድስተኛው ቢጠፋም እንኳ ሰው እያየው ይጥፋ ብዬ ነው።

ጉዳዬ አንድ ገጽ ነው። እናቴ ሰባ ሰባት ዓመቷ ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች እናትና አባቷን በአንድ ወር ውስጥ በወረርሽኝ አጥታ፣ አራት ዓመት ከሆናት ታናሽ እህቷ ጋር ሕፃናት ማሳደጊያ ገባች። ስድስት ወር ሳይሞላ አንድ ሾፌርና ሚስቱ መጥተው ትንሿን ለማሳደግ ወሰዷት። ያን ዕለት እናቴ የሞግዚቷን እጅ ነክሳ፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ተቆልፎባት ዋለች። (ጥርሷ እስከ ዛሬ ሙሉ ነው፤ ለመረጃ ያህል ነው።) ሞግዚቷ የተነከሰ እጇን በፎጣ ጠቅልላ፣ "ቆይ አንቺ፣ ይሄን ሥራሽን መዝገብ ላይ ነው የምጽፍልሽ፤ ዕድሜ ልክሽን ሲያሳፍርሽ ይኖራል" ብላ በበሩ ቀዳዳ ዛተችባት። በማግስቱም ጠርታ ከስሟ ጎን በቀይ ቀለም የጻፈችውን አሳየቻት። እናቴ ያኔ ማንበብ አትችልም፤ ቀይ መሆኑን ግን አየች።

ማሳደጊያው ሲዘጋ መዛግብቱ ወደ እናንተ መጡ። እናቴ ያንን ዛቻ ለስድሳ ስምንት ዓመት እንደ ስንቅ ይዛው ኖራለች። "እህቴን ዝም ብዬ እንዳልሰጠሁ ተጽፏል" ትላለች፣ ሌላ ሰው ዲግሪውን እንደሚያነሣ። እኔ የምፈልገው ያችን ቀይ መስመር ነው። ለዚህች መስመር ባለፉት አሥራ አንድ ወራት ያደረጋችሁልኝን ውለታ እንደሚከተለው በቁጥር አመሰግናለሁ።

አንደኛ። ድረ ገጽ ስለከፈታችሁ አመሰግናለሁ። ሕንፃው ግንባር ላይ "ከእንግዲህ አቧራ የለም" የሚል ጨርቅ ሲሰቀል ከአውቶቡስ መስኮት አይቼ ላጨበጭብ ምንም አልቀረኝ። ያኔውኑ ስልኬን አወጣሁ። ድረ ገጹ የቤተሰቤን ታሪክ እንድፈልግ በታላቅ አክብሮት ጋበዘኝና፣ ለመጀመር የምፈልገውን ገጽ መለያ ቁጥር እንዳስገባ ጠየቀኝ። ደወልኩ። መስኮት ሦስት ላይ የምትቀመጠው መነጽራም ልጅ (ትሁት ልጅ ናት፣ ከዚያ ቤት በቶሎ ያውጣት) ቁጥሩ ከየት እንደሚገኝ ስጠይቃት፣ "ገጹ ላይ በስተቀኝ ተጽፏል፣ እትዬ" አለችኝ። "ገጹን ለማየት እኮ ነው ቁጥሩን የፈለግኩት" ብላት፣ "አዎ፣ ብዙ ሰው እንደሱ ይለናል" አለችኝ።

ሁለተኛ። ቁጥር የሌለው ሰው መዛግብቱን አንድ በአንድ እያየ መፈለግ እንደሚችል ከታች በደቃቅ ፊደል ጽፋችኋል። አራት ሺህ ሁለት መቶ መዝገብ ነው። እኔም እሺ ብዬ ጀመርኩ፤ አንድ እጅጌ ሰፍቼ ሃያ መዝገብ፣ አንድ ጠርዝ አጥፌ ሠላሳ መዝገብ። በዚህ መሀል የአንድ የባንክ ሠራተኛ ሱሪ አንዱን እግር ከሌላው በአራት ጣት አሳጥሬ አስረከብኩ፤ ሰውየው እስከ ዛሬ ሲያልፍ ሰላም አይለኝም። በሃያኛው ቀን አገኘሁት። የማሳደጊያው አሥራ ሰባተኛ መዝገብ፣ "የገቡና የወጡ ሕፃናት"፣ ዓመቱ ልክ። የያዝኩትን መርፌ ሰክቼ ነካሁት። ሽፋኑ መጣ። ቡናማ ቆዳ ነው፣ ጥጉ ተበልቷል፣ ያምራል። ቀጣዩን ስነካ የአሥራ ስምንተኛው መዝገብ ሽፋን መጣ። ወደ ኋላ ስመለስ የአሥራ ስድስተኛው። ስልኬ የታመመ መስሎኝ የጎረቤቴን የጫማ ጠጋኙን ስልክ ተዋስኩ፤ በእሱም ሽፋን ነው። ከሽፋን በቀር ወፍ የለም።

ነገሩ የገባኝ በአካል መጥቼ ነው። ለፎቶ አንሺዎቹ የተሰጣቸው ትእዛዝ "አራት ሺህ ሁለት መቶ መዛግብት ፎቶ ይነሡ" የሚል ነበር፤ አራት ሺህ ሁለት መቶ ፎቶ አነሡ። ተቆጣጣሪ መጥቶ ቆጠረ፤ አንድም አልጎደለም፤ ፈርሞ ተረከበ። መነጽራሟ ልጅ ግራ ቀኙን አይታ፣ "ገጾቹን ማንም አላለንም እኮ" አለችኝ። ክቡር ሆይ፣ እኔ ደንበኛዬ ኮት አሰፍቶ ሊወስድ ሲመጣ "ስለ እጅጌው ማንም አልነገረኝም" ብለው ሱቄን በላዬ ላይ ባይነቅለው ምን አለች ይበሉኝ። እናንተ ግን ጨርቅ ሰቅላችሁ መረቃችሁት።

ሦስተኛ። ዋናዎቹ መዛግብት እንዳይጎዱ ስለምትሳሱላቸው አመሰግናለሁ። ወረቀቱን በዓይኔ ልይ ብል፣ "መዝገቡ ዲጂታል ስለሆነ ወረቀቱ ከምድር ቤት አይወጣም" ተባልኩ። "ዲጂታል የሆነው እኮ ሽፋኑ ብቻ ነው" ስል፣ "ለዚህ ነው ወረቀቱን ይበልጥ መጠበቅ ያለብን" ተባልኩ። ይህን መልስ ይዤው ሱቄ ገባሁ። ገልብጬ አየሁት፣ ተርትሬ አየሁት፣ ስፌቱ የቱ ጋ እንዳለ እስከ ዛሬ አላገኘሁትም።

ለነገሩ እኔም መዝገብ አለኝ፤ የደንበኞቼ የልክ ደብተር። የማሽን ዘይት የጠጣ፣ መርፌ የተሰካበት፣ ሃያ ሁለት ዓመት ያስቆጠረ ደብተር ነው። ድረ ገጽ የለውም። የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት ሱሪ ያሰፋ ሰው መጥቶ ቢጠይቀኝ ግን የያዝኩትን ክር ሳልቆርጥ የወገቡን ልክ እነግረዋለሁ። ወገቡ ያው ላይሆን ይችላል፤ እሱ የራሱ ጣጣ ነው።

አራተኛ። ስላስጠበቃችሁኝ አመሰግናለሁ። ባታስጠብቁኝ ኖሮ፣ ቤተሰብ የጠፋባቸው ሰዎች በስልክ የሚሰባሰቡበት ቡድን መኖሩን መች አውቅ ነበር? ቢሮ የላቸውም፣ ማህተም የላቸውም፣ መስኮት ሦስት የላቸውም። አንዱ የመቃብር ድንጋይ ጽሑፍ ገልብጦ ይለጥፋል፣ ሌላው የድሮ ትምህርት ቤት የስም ዝርዝር፣ ሌላዋ ከሳጥን ሥር ያወጣችውን ፎቶ። ጥያቄዬን ጻፍኩ። በአራተኛው ቀን፣ ማሳደጊያው ውስጥ ነርስ የነበረች የአንዲት ሴት ልጅ መለሰችልኝ፤ የእናቷን የክትባት ደብተር አልጣለችም። ደብተሩ ላይ ከአክስቴ ስም ፊት ለፊት "ሾፌሩ ወሰዳት" ተብሎ የሾፌሩ ስምና ሰፈር ሰፍሯል። ከቡድኑ አንድ ሽማግሌ ሾፌሩን ያውቁት ነበር፤ የጎረቤታቸው ልጅ ደግሞ የት እንደገባች ታውቃለች። በዘጠኝ ቀን አክስቴን አገኘኋት። በአውቶቡስ አርባ ደቂቃ ብትሆን ነው። ጡረታ የወጣች የፖስታ ቤት ሠራተኛ ናት፤ ሠላሳ ዓመት የሰው ደብዳቤ ለባለቤቱ ስትለይ የኖረች።

ደስታዬን አይጠይቁኝ። እናቴን ስልኩ ላይ አቀረብኳት። አክስቴ እስክትጨርስ ሰማቻትና፣ "አሳዳጊዬ ነግራኛለች። 'እህትሽ እሺ ብላ፣ በፈቃዷ ነው የሰጠችን' ብላኛለች። በዚሁ ነው ያደግኩት። አሁን በሰባ ሁለት ዓመቴ ምን ልሁንልሽ?" አለቻትና ዘጋች። እናቴ የተዘጋውን ስልክ ከጆሮዋ አላነሣችም። ከዚያ "መዝገቡን አሳዪአት" አለችኝ።

አምስተኛ፣ እዚህ ላይ ምስጋናዬ ሊያንቀኝ ነው። ስም፣ ቀንና የመዝገብ ቁጥር ይዤ ተመልሼ ስመጣ፣ ገጹ ላይ የተጻፉ ሰዎች በሕይወት ካሉ ሁሉም ፈርመው መፍቀድ እንዳለባቸው ነገራችሁኝ። እናቴ ፈረመች። ወደ አክስቴ ደወልኩ፣ ለመንኩ። "የኔ ልጅ፣ አንቺን አልጠላሁሽም" አለችኝ። "ግን ያላየሁት ነገር ላይ አልፈርምም። በአራት ዓመቴ ሰው ፈርሞብኛል፤ ይበቃኛል። ገጹን አሳዪኝና እፈርማለሁ።" እናንተ ፈርማ ትይ ትላላችሁ፤ እሷ አይቼ ልፈርም ትላለች። ሁለታችሁም ግትር ናችሁ፤ ልዩነታችሁ እሷ ምክንያት ያላት መሆኗ ነው።

መላ አላጣሁም ነበር። የሚያስፈልገን የእናቴ መስመር ብቻ ስለሆነ፣ የቀረውን ገጽ የሚሸፍን፣ መሀሉ ላይ አንድ መስመር የሚያሳይ ቀዳዳ ያለው ጨርቅ ሰፍቼ መጣሁ። ጠርዙን ሁሉ በእጄ ነው የለቀምኩት። የሕግ ክፍልዎ ሦስት ሰው ሆኖ ጨርቁን እያገላበጠ ካየ በኋላ፣ ጨርቅ መመሪያው ውስጥ እንደሌለ አስታወቀኝ። አንደኛው ግን ስፌቱን አደነቀ፤ ከእርስዎ መሥሪያ ቤት ያገኘሁት ብቸኛ መልካም አስተያየት ስለሆነ ከነክብሩ ይያዝልኝ።

ስድስተኛው ስለ መጸዳጃ ቤቱ ቁልፍ ነበር። ትቼዋለሁ።

አሁን ወደ ልመናዬ ልግባ። ባለፈው ሳምንት፣ ከሁለት ወር ዝምታ በኋላ፣ አክስቴ በገዛ እጇ ደወለች። "ያ መዝገብ የሚከፈት ከሆነ እመጣለሁ። ራሴ ነኝ የማነበው፤ ሰው እንዲያነብልኝ አልፈልግም" አለች። ክቡር ሆይ፣ ሴትዮዋ ካኮረፈችበት መንገድ ግማሹን መጥታለች። የቀረው ግማሽ ከምድር ቤትዎ እስከ ንባብ ክፍልዎ ያለው ደረጃ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ፣ ሃያ ስድስት ደረጃ ነው። የፊታችን ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አንድ መዝገብ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበርና አሥር ደቂቃ ይስጡን። ደንብዎ እንዳይጣስ ከሰጉ፣ አክስቴ እስክሪብቶውን የፈቃድ ወረቀቱ ላይ ስታሳርፍ የእርስዎ ሰው ሽፋኑን ይግለጥ፤ እኩል ይሁን፤ ማን እንደቀደመ እኔ ለማንም አልናገርም።

እናቴን አንድ ነገር ጠይቄያት ነበር፤ እርስዎም ሳያስቡት አይቀሩም። "ቀዩ ቀለም ባይኖርስ? ሞግዚቷ ልታስፈራራሽ የሌላ ልጅ መስመር አሳይታሽ ቢሆንስ?" አልኳት። የሻሿን ጫፍ እያስተካከለች፣ "እንግዲያው አልተጻፈም ማለት ነው እንጂ አልነከስኩም ማለት አይደለም" አለችኝ። ቀጥላም፣ "ባይኖርም ከሷ ጋር ልየው። ባዶ ከሆነ ባዶውን ጎን ለጎን ሆነን እናየዋለን" አለች።

እንግዲህ አሥራ አንድ ወር የተከራከርነው ሁለት አሮጊቶች አንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን እንዳይቀመጡ ነው። ይህንን ያህል ጥበቃ ለተደረገለት ጠረጴዛ ያለኝን አድናቆት በቃላት መግለጽ ያቅተኛል።

ከዘወትር አክብሮት፣ ከማይነጥፍ ትዕግሥትና ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሳይሞላ በርዎ ላይ ከመገኘት ጋር፣

የመስኮት ሦስት ቋሚ ተሰላፊ፣ የአራት ሺህ ሁለት መቶ ሽፋኖች አንባቢ፣
ልብስ ሰፊዋ

ከፊርማዬ በኋላ የታወሰኝ፦ የአሥራ ሰባተኛው መዝገብ ሽፋን ፎቶ ላይ፣ በግራ በኩል ከታች፣ የፎቶ አንሺው አውራ ጣት ገብቶ ይታያል። ሽፋኑን ይዞ እንዳይንሸራተት በትንሹ ከፍ አድርጎታል፤ ከሥሩ የወረቀቱ ጠርዝ እንደ ክር ቀጥኖ ነጭ ሆኖ ይታያል። እጁ እዚያ ደርሶ ነበር ማለት ነው። ለባለ ጣቱ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ፎቶውን ለእናቴ ባሳየኋት ቁጥር ስልኩን ከእጄ ትወስድና፣ ወደ ጎን አዘንብላ፣ አንገቷን ዝቅ አድርጋ፣ ከሽፋኑ ሥር ልታይ ትሞክራለች። እንደማይቻል ነግሬያታለሁ። እርስዎ ቢነግሯት ይሻላል።