ስለ ሻምበል ጉሮሮ

ሰኞ፣ ግንቦት 4
ስማ ስማ! የሰማህ ላልሰማው አሰማ! በሸዋ ሮቢት ከተማ፣ በልጄ በአልማዝ አልቤርጎ ግቢ፣ ሻምበል የተባለው ውሻዬ ዛሬ ንጋት ላይ በአንዲት ዶሮ ላይ ጮኸ። ዶሮዋ ደኅና ናት። አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ግን ከእንቅልፉ ተቀስቅሶ፣ ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ ወርውሮ፣ ቁርስ ሳይበላ ሄደ።

አልማዝ ቀኑን ሙሉ አኮረፈች።

«አባባ፣ ውሻዎን አንድ ነገር ያድርጉልኝ።»

«ምን ላድርገው? በሹክሹክታ መጮህ ላስተምረው?»

«ድምፁን ላስቆርጠው ነው።»

ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5
ለካ የምሯን ነው። ይህን የሚሠራ የእንስሳት ሐኪም አግኝታለች። ውሻውን አደንዝዞ፣ በአፉ በኩል ገብቶ፣ የድምፁን ጅማት ቆረጥ ያደርገዋል። ከዚያ ወዲያ የሚወጣው የታፈነ ሳል ነው አሉ። ሻምበል አልታመመም፣ ሰው አልነከሰም፣ አላበደም። ጥፋቱ ውሻ መሆኑ ነው።

«አንቺም ሕፃን ሳለሽ ሰፈሩን አታስተኚም ነበር። ያኔ እንዲህ ያለ ሐኪም ባለማወቄ ቆጨኝ» አልኳት።

«ቀልዱን ይተዉት አባባ። አልጋው ባዶ ካደረ ምን እንበላለን? ወይ ድምፁ ይሂድ፣ ወይ እሱ ይሂድ።»

መንገድ ላይ የተጣለ ውሻ መርዝ እንደሚበላ ሁለታችንም እናውቃለን።

እኔ ደግሞ ዓይኔ ከደከመ ወዲህ በሩ ላይ ማን እንደቆመ የሚነግረኝ እሱ ነው። ለወዳጄ ለሰኢድ ሁለቴ፣ አጠር አድርጎ። ለማያውቀው ሰው ረዥም፣ ከሆዱ። ለቀበሌው ሰው የብቻው አለው፤ እሱን ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6
ሰኢድ መጣ። የሽንኩርት ማሳውን ለልጆቹ ከለቀቀ ወዲህ ሥራው እኔን ማናደድ ነው። ነገሩን አጫወትኩት።

«እኛ ውሻ ቤት ባናስገባም፣ አላህ የሰጠውን አካል ለሰው እንቅልፍ ብሎ መቁረጥ ሐራም ነው» አለ።

ደስ አለኝ። ወዲያው አበላሸው፦ «ግን አንተ ምን አፍ አለህ? ጆሮዎቹን ማን ቆረጣቸው?»

እኔ ነኝ። ቡችላ ሳለ፣ በምላጭ፣ ያለ ማደንዘዣ። ኃይለኛ ይሆናል ይባላል፤ አባቴም ያደርገው ነበር። ቁራጩንም ጠብሼ ለራሱ ሰጠሁት፤ ቁጣ ይጨምርለታል ተብሎ። ጭራውን እየቆላ በላው።

«ያ ሌላ ነው» አልኩት።

«እንዴት ሌላ ነው?»

«ሻይህን ጠጣ» አልኩት። ሻዩ ቀዘቀዘ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 7
ሙቀቱ አያስቀምጥም። ሻምበል ማንጎው ሥር ተኝቶ በሕልሙ ይጮኻል። ቀጠሮው ነገ ነው። ለሐኪሙ የምለውን ሳጠና ዋልኩ።

ዓርብ፣ ግንቦት 8
በባጃጅ ወሰድነው። ንፋስ ስለሚወድ ደስ ብሎት ሄደ። ሐኪሙን ፊት ለፊት «ልጄ፣ የታመመ ይቆረጣል፤ ያልታመመው ምን በደለ?» አልኩት። አንገቱን ደፋ። አልማዝ ግን ንቅንቅ አላለችም፤ እሱም ሥራውን ሠራ። ሻምበልን ምላሱ እንደተንጠለጠለ ታቅፈን ተመለስን።

እሑድ፣ ግንቦት 10
ሾፌሮቹ እስከ ሦስት ሰዓት ተኙ። አልማዝ ቁርሴን በራሷ እጅ አመጣችልኝ። «አዩ አባባ? አልሞተም።» እውነቷን ነው፣ አልሞተም።

ከሰዓት በኋላ ትከሻዬን ሰው ነካኝ። «ማነህ?» አልኩ ደንግጬ። ሰኢድ ነበር። ሻምበል እግሬ ሥር አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ ሆዱ ይርገበገባል።

«ሐኪሙን ሳትናገረው ቀረህ?» አለኝ ሰኢድ። የዓርቡን፣ እዚህ እንደጻፍኩት አድርጌ ተረኩለት። «ጎሽ» ብሎኝ ሄደ።

ለሱ ዋሸሁ፤ ለደብተሬ እንኳ ልታረም። ሐኪሙ አንገቱን አልደፋም። ያጠናሁትም ከአፌ አልወጣም። መርፌውን እንደያዘ ወደኔ ዞሮ፣ «አባባ፣ እርስዎ ካልፈለጉ እተወዋለሁ» አለኝ። አልማዝ አየችኝ። ቤቱ የሷ ነው፣ የምበላውም የሷ ነው። «እሷ እንዳለችው» አልኩ። መርፌውን ሲወጋው ጭንቅላቱን የያዝኩለትም እኔ ነኝ፤ በኔ እጅ ስለማይፈራ።