የጥሪ ደብዳቤሽ ላይ ያለው ስልክ

የተወደድሽ ልጄ፣ እንደምን ከርመሻል? እኔና እናትሽ ናፍቆትሽ ካልሆነ አንዳች አልጎደለብንም።

ማክሰኞ አንቺ ዘንድ ለመምጣት ቪዛ ልጠይቅ ኤምባሲ ቀረብኩ። እናትሽ ሙሉ ልብሴን ሁለት ጊዜ ተኩሳ «ሙሽራ መሰልክ» ብላ ሳቀችብኝ። ጸሐፊዋ የጥሪ ደብዳቤሽ ላይ ባለው ስልክ ደወለች፤ አከራይሽ አነሱ። አነጋግራቸው ወደ እኔ ዞረች፦

«አባባ፣ ልጅዎ ዕቃዋን ሳትወስድ ከቤቱ ከወጣች አምስት ወሯ ነው ይላሉ። አሁን የት ነች?»

«ሥራዋ አጠገብ ተከራይታ ነው» አልኩ፣ እንደሚያውቅ ሰው።

ማመልከቻዬን ሳትቀበል መለሰችልኝ። ለእናትሽ ግን «ወረፋው አልደረሰኝም» አልኳት። ሹራብ ጀምራልሻለች፤ «ከስታ ይሆን ወፍራ?» እያለች ልክሽን ትጠይቀኛለች።

ይህን ደብዳቤ በዚያው በአከራይሽ አድራሻ እልከዋለሁ፤ ሌላ የለኝም። አንዲት መስመር ጻፊልን፤ እጅሽ ካልተመቸው ሌላ ሰው ይጻፍልሽ።

በሄድሽበት ሁሉ አምላክ ይከተልሽ።

አባትሽ