አባባ እሺ ያለበት ምክንያት

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለሆሪያ፤

እንደምን ሰነበትክልኝ? ብርቱካን ስትለቅም የያዘህ የወገብ ሕመም ለቀቀህ? ልጅህ ዶይናስ ደህና ናት? የስፔን አየር ተስማማት? እኛ ደህና ነን። የመሬት መንቀጥቀጡን በዜና ሰምተህ እንዳትሰጋ ብዬ ነው ቶሎ የጻፍኩልህ፤ ሁላችንም ተርፈናል።

ሕንፃችን ላይ ቀዩ ክብ ምልክት ከተለጠፈ ስንት ጊዜው! ብርቱ መንቀጥቀጥ አይችልም ማለት ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ሊያጠናክረው ፈቅዶ ነበር፤ ግን ሥራው እስኪያልቅ ነዋሪው ሁሉ መልቀቅ አለበት፤ አንድ ሰው እምቢ ካለም አይጀመርም። እምቢ ያለው አባባ ነው። «የእናታችሁ አስከሬን ከዚህ ቤት ነው የወጣው፤ የእኔም ከዚሁ ይወጣል» ብሎ ወይ ፍንክች!

ባለፈው እሑድ ምሳ ልንበላ ስንል መብራቱ ተወዛወዘ፤ ግድግዳው ተንቋቋ። «ጠረጴዛው ሥር ግባ!» ብዬ ስጮህ አባባ በሩን በርግዶ ወጣ። ወደ ታች የሸሸ መስሎኝ ነበር። ለካ የሮጠው ወደ ላይኛው ፎቅ፣ አልጋ ላይ ወደዋሉት ጎረቤታችን ወደ እትዬ ቬቱሪያ ኖሯል። ከአባባ ጋር በውሃ ቧንቧ ሰበብ ተኳርፈው መኖራቸውን ታውቃለህ።

መሬቱ ሲረጋ ተከትዬው ወጣሁ። ፊቱ ኖራ ለብሶ፣ ትራስ በራሳቸው ላይ ደግፎ አገኘሁት። እሳቸው «ቱዶሴ፣ በደህናው ቀን ሰላምታ ነፍገኸኝ፣ ለሞት ጊዜ ጓደኛ ልትሆነኝ መጣህ?» ይሉታል። «ዝም በይ አንቺ! ከዚህ ቤት ያልተሰነጠቀው ምላስሽ ብቻ ነው» አላቸው። ትራሱን ግን ከራሳቸው ላይ አላነሣም።

ማታ ሾርባውን ሳይነካ ቆየና «እኔስ በቤቴ ልሙት ብዬ ነው። እሷን አብሬ ልቀብራት መሆኑን ግን አላሰብኩም» አለኝ። በማግስቱ ቤቱን ለመልቀቅ ተስማማ።

ጎረቤት አገር ጦርነት ከተነሳ ወዲህ ምድር ቤቱን ለመሸሸጊያ ጠርገን፣ ውሃና ባትሪ አኑረን፣ ተዘጋጅተናል እንል ነበር። እትዬ ቬቱሪያን ማን ያወርዳቸዋል ብሎ የጠየቀ ግን አንድም ሰው አልነበረም፤ እኔንም ጨምሮ። ይህ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል።

ትናንት ማዘጋጃ ቤቱ ወደሰጠን ጊዜያዊ ማረፊያ ስንዛወር፣ አባባና ጎረቤቶቹ እትዬ ቬቱሪያን በወንበር ተሸክመው አወረዷቸው። «ቀስ በሉ፣ የጎመን በርሜል አይደለሁም!» እያሉ ሲቆጡ ደረጃውን ጨረሱ። ግቢው ስንደርስ ግን «እስቲ አንዴ ቁሙልኝ» አሉና ወደ ሰማይ ቀና አሉ። ማንም አላጣደፋቸውም። አባባ ባርኔጣውን አውልቆ ፀሐዩን ጋረደላቸው።

ዶይናን ሳምልኝ፤ እናቷን እጅ ነሥቻለሁ በልልኝ። አባባ ወገብህን በሱፍ ጨርቅ እሰረው ብሎሃል። እትዬ ቬቱሪያም፣ በማረፊያው ከአባባ ጎን ያለው ክፍል ደርሷቸዋልና፣ «አባትህ ሲያንኮራፋ ግድግዳው ይነቃነቃል፤ እዚህም ምልክት ይለጠፍ» ብለው ሰላምታ ልከውልሃል።

እህትህ ስማራንዳ
ቡካሬስት፣ ኅዳር 14 ቀን